የፎከስ ነጥብና የተነሺው ቦታ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚያነሡ ሰዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በደሴ ፒያሳ ቆሞ የተነሣ ሰው ፊቱ ደብዝዞ፣ ከኋላው ያለው የሱቅ ማስታወቂያ ግን ፊደል በፊደል ሲነበብ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሌንሱ አይደለም። ፎከሱ (ጥርት ብሎ እንዲታይ የሚደረገው ርቀት) የሚያርፍበትን ቦታ እንዲመርጥ ሥራው ለካሜራው ስለተተወ ነው። ካሜራው ፎቶው የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ለእርሱ የሚበልጠው ቅርብ ያለው ወይም ጎልቶ የሚታይ መስመር ያለው ነገር ነው። ፊት የሚለዩ አዳዲስ ካሜራዎች ይህን ችግር ቢያቃልሉትም፣ በሰርግ ቤት ከአሥር ፊት መካከል የትኛው ዋና እንደሆነ እነርሱም አያውቁም።

ይህ መመሪያ የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው። ተነሺው በፍሬሙ (በፎቶው ክፈፍ) ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታና የፎከስ ነጥቡ፣ ማለትም ካሜራው ፎከስ የሚያደርግበትን የሚያሳየው ትንሽ ሣጥን፣ የሚያርፍበት ቦታ በአንድ ጊዜ የሚወሰኑ ናቸው፤ መጀመሪያ ቦታው ይታሰባል፣ ከዚያ ነጥቡ ወደ ቦታው ይወሰዳል። መካከለኛውን ነጥብ ብቻ ይዞ ሰውን ሁሉ ወደ መካከል የሚያመጣ ሰው ሥራው ሳይታወቀው አንድ ዓይነት ይሆንበታል፤ ቦታውን የመረጠው እርሱ ሳይሆን ነጥቡ ነውና።

ካሜራውን አስቀድሞ ማሰናዳት

ከቤት ሳይወጡ በመጀመሪያ የፎከሱን አሠራር ያስተካክሉ። ቆሞ ወይም ተቀምጦ ለሚነሣ ሰው ካሜራው አንድ ጊዜ ፎከስ አድርጎ የሚቆልፍበትን አሠራር ይምረጡ፤ ይህ በካኖን «ዋን ሾት»፣ በኒኮንና በሶኒ «ኤኤፍ-ኤስ» ይባላል። ቀጥሎ ካሜራው ከነጥቦቹ ሁሉ ራሱ የሚመርጥበትን አውቶማቲክ ምርጫ ትተው፣ እርስዎ የመረጡት አንድ ነጥብ ብቻ የሚሠራበትን ይያዙ። በስክሪን እያዩ የሚያነሡ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑን በቁምና በአግድም ሦስት ሦስት ቦታ የሚከፍሉትን መስመሮች ያብሩ፤ ለቦታ ምርጫም፣ አድማሱ እንዳይዘም ለመጠበቅም ይረዳሉ።

የያዙት ካሜራ ነጥቦች ስንት እንደሆኑና ምን ያህል እንደሚያስተማምኑ ማወቅ ተገቢ ነው። በውስጣቸው መስታወት ባላቸው (ዲኤስኤልአር በሚባሉት) ካሜራዎች እያንዳንዱ የፎከስ ነጥብ የሚሠራው ጥላና ብርሃን የሚለያዩበትን መስመር በማንበብ ነው፤ አንዳንዱ ነጥብ በአንድ አቅጣጫ የተዘረጋ መስመር ብቻ ያነባል፣ አንዳንዱ ግን የቁሙንም የአግድሙንም ያነባል። ካኖን 600ዲ 9 ነጥቦች ሲኖሩት በሁለቱም አቅጣጫ የሚያነበው መካከለኛው ብቻ ነው፤ 700ዲም 9 ነጥቦች አሉት፣ ነገር ግን ዘጠኙም በሁለቱም አቅጣጫ ያነባሉ። ካኖን 6ዲና ኒኮን ዲ3500 እያንዳንዳቸው 11 ነጥቦች አሏቸው፤ በሁለቱም ላይ እንዲህ ያለ አቅም ያለው መካከለኛው ብቻ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ካሜራዎች የጠርዝ ነጥብ ሲጠቀሙ ሌንሱ ወዲያና ወዲህ እየዋተተ አልይዝ ካለ፣ ካሜራውን ጥቂት ዘመም አድርገው ፎከሱን ይቆልፉ፤ ከዚያ ካሜራውን አቅንተው ያንሡ። ነጥቡ ማንበብ ያቃተው መስመር ዘመም ሲል ሊነበብለት ይችላል።

ሥራውን ለተለማመደ ሰው አንድ ተጨማሪ ማስተካከያ እመክራለሁ፤ ፎከስ ማድረጊያውን ከማንሻው ቁልፍ ለይቶ በካሜራው ጀርባ፣ በአውራ ጣት በሚነካ አዝራር ላይ ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን አንድ ጊዜ የተያዘው ፎከስ ማንሻው በተጫነ ቁጥር እንደገና አይፈለግም። ተነሺው ከቦታው ካልተነቃነቀና እርስዎም ካልተጠጉ ወይም ካልራቁ፣ በነፃነት ደጋግመው ማንሣት ይችላሉ።

ካሜራውን ወደ ዓይን ከማምጣት በፊት ቦታውን መወሰን

ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ደረጃ ይህ ነው፤ ፎቶው የሚሠራውም ሆነ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚሁ ላይ ነው። ካሜራውን ወደ ዓይንዎ ሳያነሡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሱ። የፎቶው ዋና ነገር ምንድን ነው? ወዴት ያያል ወይም ወዴት ይሄዳል? ከበስተኋላው ያለው ነገር ይረዳዋል ወይስ ይሻማዋል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አንድ ነገር ብቻ መሆን አለበት። ቡና የምታፈላ ሴት ስትነሣ ዋናው ነገር ፊቷ ነው፣ ወይስ ከጀበናው ወደ ሲኒው የሚወርደው ቡና? ሁለቱም ያምራሉ፣ ሁለቱም በአንድ ፎቶ ሊገቡ ይችላሉ፤ ነጥቡ የሚያርፈው ግን በአንዱ ላይ ነው። ፊቷን ከመረጡ ጀበናው ከፊት ለስለስ ብሎ ይደበዝዛል፤ ጀበናውን ከመረጡ ፊቷ የቤቱ ድባብ አካል ይሆናል። ሳይመርጡ ያነሡት ፎቶ ብዙውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለውን የረከቦት ጠርዝ ጥርት አድርጎ ያሳያል።

ለሁለተኛው ጥያቄ መደበኛው መልስ ተነሺው ለሚያይበት አቅጣጫ ሰፋ ያለ ቦታ መተው ነው። ወደ ቀኝ የሚያይ ሰው በግራው አንድ ሦስተኛ መስመር ላይ ቢቀመጥ እይታው የሚሄድበት ቦታ ያገኛል። በሰኞ ገበያ ቅመም ዘርግተው የተቀመጡ እናት ለምሳሌ ወደ ግራ ወደ ገዢው ዘንበል ብለው ቢሆን፣ በቀኙ መስመር ላይ ያስቀምጧቸው፤ የተዘረጋው ቅመምና የገዢው እጅ ግራውን ይሞሉታል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን «እናቴ፣ አንድ ፎቶ ባነሣዎት ይፈቅዱልኛል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል፤ ፈቅደው ሥራቸውን የቀጠሉ ሰው ከተነጠቀ ፎቶ እጅግ የተሻለ ፊት ይሰጣሉ፤ ለእርስዎም ነጥቡን ያለ ጥድፊያ ለማሳረፍ ጊዜ ይኖርዎታል።

በአንድ ሦስተኛ መስመር ላይ ማስቀመጥ ግን ሕግ አይደለም። በቀደመው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ እመቤታችንም ልጇን ታቅፋ በሥዕሉ መካከል ትቀመጣለች፤ የዚያ አቀማመጥ ክብደት የሚመጣው ከመካከሉ ነው። ተነሺው በቀጥታ ወደ ካሜራው ሲያይና ከግራም ከቀኝም ያለው ነገር የተመጣጠነ ሲሆን መካከሉ ትክክለኛ ቦታው ነው። በበር መቃን ውስጥ የቆመ ሽማግሌ ወይም እንደ አይጠየፍ አዳራሽ ያለ ሕንፃ ፊት ለፊት ሲነሣ ወደ ጎን መግፋት ሥርዓቱን ያፈርሰዋል። መካከሉ የሚነቀፈው ሳይታሰብበት ሲመጣ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ በደሴ ልዩ ትኩረት ይጠይቃል። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች የቆሙበት ከፍታ ጥቂት ሲለወጥ ከበስተኋላ ያለው ነገር ጨርሶ ይለወጣል። ከተነሺው ዝቅ ብለው ሲቆሙ ከኋላው ሰማይና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመጣል፤ ከፍ ብለው ሲቆሙ መሬቱ ወይም የቆርቆሮ ጣሪያዎች ይመጣሉ። የጣሪያው ጫፍ በአንገቱ ወይም በዓይኑ ትክክል እንዳያልፍ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ብቻ ይበቃል። የቆርቆሮ አጥርና ጣሪያ ሌላም ጣጣ አለው፤ ሽንትሮቹ ብርሃንና ጥላን በጉልህ መስመር ስለሚለያዩ ሰፊ የሆነ የፎከስ አካባቢ ከያዙ ካሜራው ከፊት ይልቅ ቆርቆሮውን ይመርጣል። አንድ ነጥብ ብቻ እንዲይዙ የተመከረው በዋናነት ለዚህ ነው።

ብርሃኑም ከቦታው ተለይቶ አይታይም። ጦሳ ከከተማዋ በስተምዕራብ ስለሆነ ደሴ ላይ ፀሐይ ከመጥለቂያዋ ሰዓት ቀድማ ከተራራው ጀርባ ትሰወራለች፤ ሰማዩ ግን ገና ብሩህ ነው። ያ ጊዜ ለፊት ፎቶ የተመቸ ለስላሳ ብርሃን ስላለው ቀጠሮዎን ወደዚያ ቢያዞሩ ይጠቀማሉ። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን በቀጥታ ፀሐይ ሥር ማንሣት የዓይንን ጉድጓድ በጥላ ይሞላዋል። ተነሺውን ወደ ሱቅ በረንዳ ጥላ ጠርዝ ያስገቡት፤ ፊቱ ወደ ብርሃኑ ይዙር።

ነጥቡን ወደ ቦታው ማድረስ

አሁን ፍሬሙን አሳክተው ይያዙ። የነጥብ መምረጫውን አዝራር ተጭነው በቀስቶቹ ወይም በአውራ ጣት በሚገፋው ማዞሪያ፣ ለተነሺው ዓይን ቅርብ የሆነውን ነጥብ ያብሩ። ነጥቡ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ የማንሻውን ቁልፍ በግማሽ ይጫኑ፤ መያዙን የሚያመለክተው ምልክት ሲታይ ወይም ድምፁ ሲሰማ ሳይዘገዩ እስከ መጨረሻው ይጫኑ። ይህ በመጀመሪያ ቀርፋፋ ይመስላል፤ ጣት ሲለምደው ግን ካሜራውን ወደ ዓይን በማምጣት ላይ ሳሉ ነጥቡ ቦታው ላይ ይደርሳል።

መስታወት ያላቸው ካሜራዎች ነጥቦቻቸው ወደ መካከል ስለሚሰበሰቡ፣ ዓይኑ ወደ ጠርዝ ሲጠጋ እዚያ የሚደርስ ነጥብ ላይኖር ይችላል። ያኔ ለቦታው ከሁሉ ይበልጥ ቅርብ በሆነው ነጥብ ፎከስ አድርገው፣ ቁልፉን በግማሽ እንደያዙ ካሜራውን ጥቂት ያዞራሉ። ስለዚህ ዘዴ ብዙ ማስጠንቀቂያ ይነገራል፤ እውነትነቱ ግን በርቀቱና በአፐርቸሩ (ብርሃን በሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ይወሰናል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ማየት ይሻላል።

ካሜራው ሲዞር ፎከስ የተደረገበት ልኬት አብሮ ስለሚዞር ጥራቱ ከተነሺው ወደ ኋላ ይሸሻል። ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ) በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በአፐርቸር 1.8፣ በ1 ሜትር ርቀት ፊት እያነሡ ነው እንበል። ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት በጠቅላላው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከመካከል ተነሥተው ዓይኑን ወደ አንድ ሦስተኛው መስመር ቢያዞሩ ሽሽቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ ዓይኑ አሁንም ይተርፋል። ወደ ፍሬሙ ጠርዝ አካባቢ ቢያዞሩት ግን ሽሽቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታየው ዓይኑ ሳይሆን ከዓይኑ ኋላ ያለው ነው። በ5 ሜትር ርቀት በአፐርቸር 5.6 የሚያነሡ ከሆነ ደግሞ የጥራቱ ውፍረት ከ3 ሜትር ስለሚበልጥ ይህ ሁሉ ሥጋት ቦታ የለውም። እንግዲህ ካሜራ ማዞር የሚጎዳው ቅርብ፣ አፐርቸሩ ሰፊ፣ ተነሺውም ወደ ጠርዝ የተገፋ ሲሆን ነው።

በ1 ሜትር ርቀት ከማዞሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የአንሺው የራሱ መወዛወዝ ነው። ፎከሱን ቆልፎ ሲያዞር ሰው ሳይታወቀው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይላል። ክርንዎን ወደ ጎንዎ ጠበቅ አድርገው፣ ትንፋሽዎን ገታ አድርገው፣ ከወገብ ሳይሆን ከካሜራው ያዙሩ።

ዓይን፣ ነጠላና ጉም

ፊት ሲነሣ ነጥቡ የሚያርፈው ለካሜራው ቅርብ በሆነው ዓይን ላይ ነው። ሩቁ ዓይን ቢደበዝዝ ተመልካች አይከፋውም፤ ቅርቡ ደብዝዞ ሩቁ ሲጠራ ግን ፎቶው የተሳሳተ መሆኑን ማንም ያያል። የነጥቡ የማንበቢያ ስፋት በቪውፋይንደሩ (ዓይን በሚጠጋበት የካሜራው መመልከቻ) ከሚታየው ትንሽ ሣጥን እንደሚበልጥም ያስታውሱ። ሰውየው ራቅ ብሎ ፊቱ ትንሽ ከሆነ ነጥቡ ከፊቱ አልፎ ከኋላ ያለውን ሊያነብ ስለሚችል፣ በዚያ ርቀት ከዓይኑ ይልቅ ደረቱ ላይ ያለ የልብስ ጠርዝ ይሻላል፤ በርቀት የሁለቱ ልዩነት አይታወቅም።

ነጭ ነጠላ ለፎከስ አስቸጋሪ ነው፤ ወጥ ነጭ ስለሆነ የሚነበብ መስመር የለውም። ጥለቱ ላይ ወይም ነጠላው ፊትን በሚያዋስንበት ጠርዝ ላይ ነጥቡን ቢያሳርፉ ወዲያው ይይዛል፤ ጥለቱ ከዓይኑ ጋር በአንድ ርቀት መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። ጥቁር ሒጃብም በደብዛዛ ብርሃን እንዲሁ ነው፤ መልሱም ያው የፊትና የጨርቁ ወሰን ነው።

በክረምት ጉም ደሴን ሲሸፍን የሩቁ ነገር ሁሉ ወጥ ግራጫ ይሆናል፤ ካሜራውም መያዝ ያቅተዋል። በጉሙ ውስጥ የጎላ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የባሕር ዛፍ ግንድ ወይም ጃንጥላ የያዘ ሰው ይፈልጉና በእርሱ ላይ ያተኩሩ፤ ፎቶውም እንዲህ ያለ አንድ ዋና ነገር ሲያገኝ ነው የሚቆመው። ጉሙ ባዶ ቦታን ስለሚያሰፋ ተነሺው ከተለመደው አንድ ሦስተኛ አልፎ ወደ ጥግ ቢገፋ እንኳ ሚዛኑን ይጠብቃል።

ከሐረጎ ሰፊ መልክአ ምድር ማንሣት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሰፊ እይታ ስላለው ብዙ ሰው ነጥቡን በሩቁ ተራራ ላይ አሳርፎ ያነሣል፤ ከፊት ያለው ድንጋይና ሣርም ደብዝዞ ይቀራል። በ18 ሚሊ ሜትር ሌንስና ከሙሉ ፍሬም ባነሰ ሴንሰር፣ በአፐርቸር 8፣ ከ2 ሜትር ጥቂት አልፎ ባለ ነገር ላይ ፎከስ ቢያደርጉ ከ1 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ሁሉም ጥርት ይላል። እንግዲህ ከፊትዎ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ባለ ድንጋይ ላይ ነጥቡን ያሳርፉ፤ ቆልፈው ፍሬሙን ያስተካክሉ። አድማሱን በመካከል ከማሳለፍ ይልቅ፣ ሰማዩ የሚናገር ደመና ከያዘ ወደ ታችኛው፣ መንገዱና ሸለቆው ከጎላ ወደ ላይኛው መስመር ያውርዱት ወይም ያውጡት። መኪና ስለሚበዛበት ከመንገዱ ጠርዝ ወጣ ብለው ይቁሙ፤ ኩርባ ላይ ፈጽሞ አይቁሙ።

የሚንቀሳቀስና ብዙ ሰው ያለበት ፎቶ

በኮምቦልቻ ጎዳና የምትመጣ ባጃጅ ስትነሣ አንድ ጊዜ የሚቆልፈው አሠራር አይበቃም። በካኖን «ኤአይ ሰርቮ»፣ በሌሎቹ «ኤኤፍ-ሲ» ወደሚባለው ተከታታይ አሠራር ይቀይሩ፤ ነጥቡን ከዙሪያው ካሉ ነጥቦች ጋር አጅበው፣ የመዝጊያውን ፍጥነት (መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ያድርጉ። ባጃጇ ወደ ግራ የምትሄድ ከሆነ ነጥቡን አስቀድመው በቀኝ በኩል ያስቀምጡ፤ የምትሄድበት ቦታ ከፊቷ ይኖራታል። በዚህ አሠራር ፎከስ አድርጎ ማዞር አይሠራም፤ ካሜራው ነጥቡ ያለበትን ሁሉ እየተከተለ ፎከስ ያደርጋልና።

ለቡድን ፎቶ ሰዎቹ በሁለት ረድፍ ከሆኑ በፊተኛው ረድፍ መካከል ባለ ሰው ዓይን ላይ፣ በሦስት ረድፍ ከሆኑ በመካከለኛው ረድፍ ላይ ነጥቡን ያሳርፉ፤ አፐርቸሩ 8 ቢሆን ይመረጣል።

በስልክ ለሚያነሡ

ስልክም ይህንኑ ሥርዓት ይቀበላል። ፍሬሙን ካሳኩ በኋላ ዓይኑ ባለበት ቦታ ስክሪኑን ይንኩ፤ በመንካትዎ ፎከሱም የብርሃኑ መጠንም አብረው ከዚያ ይለካሉ። በአይፎንና በብዙ ሳምሰንግ ስልኮች ጣትዎን ጥቂት ጊዜ ሳያነሡ ሲያቆዩት ሁለቱም ይቆለፋሉ፤ ከዚያ ተነሺው ቢስቅ ወይም ከኋላ ሰው ቢያልፍ ልኬቱ አይናወጥም። ጥቁር ልብስ ነክተው ፊቱ ከነጣ፣ ከነጥቡ አጠገብ የሚታየውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ይጎትቱት። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግንም አይርሱ፤ የጣት ቅባት ፎከስ የሳተ የሚመስል ብዥታ ያመጣል።

እዚያው ሳሉ መፈተሽ

የመጀመሪያውን ፎቶ እንዳነሡ ተነሺውን «ትንሽ ይታገሡኝ» ብለው በስክሪኑ ላይ ዓይኑን እስከ መጨረሻው ያጉሉት። ፎቶው በሙሉ፣ የቆመው ግድግዳ ሳይቀር፣ በአንድ አቅጣጫ ተጎትቶ ከታየ ችግሩ የፎከስ ሳይሆን የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ የመዝጊያውን ፍጥነት ይጨምሩ። ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው ወይም ከኋላ ያለው ግድግዳ ከጠራ ጥራቱ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ነጥቡን ይበልጥ ወደ ጠርዝ አቅርበው ያለ ማዞር እንደገና ያንሡ። አፍንጫው ከጠራ ወደ ፊት መጥቷል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ተነሺው ወደ ኋላ ዘንበል ሲል ወይም እርስዎ ወደ ኋላ ሲሉ ነው። ያለ ማዞርና ያለ መወዛወዝ፣ ካሜራውን በሦስት እግር ላይ አስቀምጠው ደጋግመው ሲያነሡ ጥራቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚሸሽ ከሆነ ሌንሱና ካሜራው አልተናበቡም ማለት ነው፤ ያኔ በቪውፋይንደር ማንሣቱን ትተው በስክሪኑ እያዩ ፎከስ ያድርጉ፤ በዚህ መንገድ ልኬቱ ከሴንሰሩ ራሱ ስለሚወሰድ ያ ሽሽት አይኖርም።